ሁለት የሻይ ብርጭቆ ዘይት

አባቴ ብዙ ነገር መርሳት ጀምሯል። የልጅ ልጆቹን ስም ያቀያይራል፤ ከፈረስ መጋላ ገበያ ሲመለስ የራሳችንን ቅያስ አልፎ ይሄዳል። የጀልባውን ሞተር ግን አልረሳም። ሐረማያ ሐይቅ ላይ ዓሣ እያጠመደ ነው ያሳደገን። ሐይቁ ሲደርቅ ሞተሩን ፈላና በር አጠገብ ወዳለው ቤታችን አምጥቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ ዕቃ ቤት አስገባው። ከስንት ዓመት በኋላ ውኃው ተመለሰ ሲባል አንድ ነገር ለመነኝ፤ በዚያ ሞተር አንድ ጊዜ ሐይቁ ላይ እንድወስደው።

የእንዲህ ያለው አሮጌ ሞተር ዘይት ለብቻው ማስቀመጫ የለውም፤ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው የሚገባው። ልኩን አባዬ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ሳይደናቀፍ ይለዋል፤ ለአምስት ሊትር ቤንዚን ሁለት የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ዘይት። ቢበዛ ያጨሳል፣ ቢያንስ ይገድለዋል ይላል። መቶ ጊዜ ነግሮኛል፤ እኔ ደግሞ ምክር ቶሎ የሚሰለቸኝ ሰው ነኝ።

ካንዴላውን ቀየርኩ፣ ካርቡሬተሩን አጠብኩ፣ በአባዬ ልክ በሁለት ብርጭቆ ደባልቄ፣ ግቢያችን ውስጥ በርሜል ሙሉ ውኃ ላይ አስሬ ሞከርኩት። ተነሣ። ጢሱ ግን ግቢውን ሞልቶ በግንቡ ላይ ተሻገረ። በጀጎል ቅጥር ውስጥ ግንብ ለግንብ ተደጋግፈን ነው የምንኖረው። ጎረቤታችን እሜቴ ጣሪያቸው ላይ ወጥተው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ የተሰጣ ልብሳቸውን ሰበሰቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴ፣ ሰፈሩን የትንኝ መድኃኒት ረጨኸው ብሎ ቀለደብኝ፤ ያሁን ዘይት ጥሩ ስለሆነ አንድ ብርጭቆ ይበቃል ሲልም መከረኝ። የምፈልገውን ነው የነገረኝ። ለሐይቁ የሚሆነውን ቤንዚን በአንድ ብርጭቆ ዘይት ደባለቅሁት፤ ለአባዬ አልነገርኩትም። ይሉኝታ ስንቱን አበላሽቷል።

ሐረማያ ላይ የሰው ጀልባ ተውሰን ወጣን። ሞተሩ ያለ ጢስ ይዘምር ጀመር፤ እኔም ኮራሁ። አባዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ነፋሱ ነጠላውን እያነሣበት፣ ዓሣ የሚበዛበትን ቦታ በጣቱ ያሳየኛል። አንዱንም አልሳተም። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ስንት ዘመኔ ነው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሞተሩ ድምፅ ቀጠነ። አባዬ ከእኔ በፊት ሰማው፤ አጥፋው እያለ እጁን አወዛወዘ። ሳልደርስበት አንዴ ተንቋቋና ቆመ። ገመዱን ብጎትት፣ ብጎትት፣ ንቅንቅ የለም። በመቅዘፊያ ስንመለስ ነው የጠየቀኝ።

«ስንት አደረግህ?»

«እንዳልከኝ ሁለት።»

«እንግዲያው እሱንም ረሳሁት ማለት ነው» አለ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሽበት ያበቀልኩ ሰውዬ እንደ ሕፃን ፈርቼ መቅዘፌን ቀጠልኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ብቻውን ሲያጉረመርም ሰማሁት፤ ሦስት ነበር፣ አይ፣ ሁለት ተኩል ነበር እያለ። ምግብ ቀነሰ። የሚያስተኛኝ ነገር ጠፋ፤ የገደልኩት ሞተሩን ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። በመጨረሻ ከኤረር በር አንድ ገበሬ የጫት መርጫ ሞተር ገዝቶ፣ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ስለ ዘይቱ ሊጠይቀው መጣ። ይህ የተለመደ ነው፤ ለሞተር ጉዳይ ሰው የሚመጣው ወደ አባዬ ነው። አባዬ በአገጩ ወደ እኔ አሳየው።

«እሱን ጠይቀው። እኔስ ልኩ ጠፍቶብኛል።»

አልቻልኩም። እዚያው እንግዳው ፊት ተናገርኩ። «አባዬ፣ ሁለት ነው ያልከኝ። አንድ አድርጌ የዋሸሁህ እኔ ነኝ።»

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሞተሩስ ብረት ነው» አለ። «እኔን ግን ሳምንቱን ሙሉ ከራሴ ጋር አጣላኸኝ።»

ከዚያ ወደ ገበሬው ዞሮ የሞተሩን ዕድሜና የጀሪካኑን ልክ ጠየቀው፤ እኔን ብርጭቆ እንዳመጣ አዘዘኝ። አመጣሁ። ዘይቱን ልቀዳ ስል ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደው። ከዚያን ቀን ወዲህ ዘይት የሚለካው ራሱ ነው፤ እኔን አያምነኝም።