በአየር ሁለት ሰዓት፣ በመሬት ቡጢ

ከኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ በአየር ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ያን ጠዋት በአባዬ መኪና ከሰፈራችን ከካንሳንጋ ስንወጣ ስልኬ ላይ አየሁና ለእማዬ ነገርኳት። «አየሽ፣ እዚሁ እኮ ናት!» አልኳት። ስልኩ ግን የካምፓላን መንገድ አያውቅም።

እማዬ የምትሄደው «እናትሽ ጉንፋን ጠንቶባታል፣ ስምሽን ትጠራለች» ተብላ ነው። እኔና አባዬ ግን አያቴ ማታውን እንዳረፈች፣ ቀብሩም በጉዞዋ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ እናውቃለን። መርዶ እንደ ወሬ በስልክ አይነገርማ! አዲስ አበባ ስትደርስ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ እህቶቿ ግራና ቀኝ ይዘዋት ትስማ ተባለ። ሰማይ ላይ ብቻዋን ማን ይይዛታል?

ብዙም ሳንሄድ መንገዱ ተዘጋ። አንድ ታክሲ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ሳይክል ገጭቶ ጥሏል፤ የታክሲው ረዳትና የቦዳው ነጂ መሐል አስፋልት ላይ ይቀጣቀጣሉ። ረዳቱ የነጂውን ሄልሜት ነጥቆ በዚያው በራሱ ሄልሜት ፊቱን ይለዋል። የከበባቸው ሰው «ኩባ! ኩባ!» እያለ ይጮኻል፤ ምታው ማለት ነው።

«ተወው በቃ፣ ነገ እሄዳለሁ» አለች እማዬ። «ለጉንፋን ምን እንዲህ አንጨረጨረህ?»

አባዬ በሩን ከፍቶ ወረደ። አባዬ ማለት እኮ ናኪቩቦ ገበያ ውስጥ እግሩን ሲረግጡት ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው! ሄዶ ረዳቱን በኮሌታው አነቀው። ረዳቱ ዞሮ አፍንጫው ላይ በቡጢ አቀመሰው፤ ደሙ ሸሚዙ ላይ ተዥጎደጎደ። አባዬ ንቅንቅ አላለም። በቴስታ ሲለው ሰውዬው አስፋልቱ ላይ ዘፍ!

«በለው አባዬ!» ብዬ በመስኮት ጮህኩ።

ዞር ስል እማዬ የምታየው ጠቡን ሳይሆን እኔን ነው።

«አባትሽ ለጉንፋን ብሎ ሰው አይመታም» አለች። «ሞታለች?»

መስኮቱን ዘጋሁት። ያ በቃት።

በሩን በርግዳ ወጣች። ደረቷን እየደቃች ሄዳ አባዬ ላይ ወረደችበት፤ ደረቱን በሁለት ቡጢዋ ትደበድበዋለች። «እናቴን! የእናቴን ሞት ትደብቀኛለህ!» እሱ እጁን አውርዶ ተመታላት።

«ኩባ» ሲል የነበረው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። የቦዳው ነጂ ከንፈሩ እየደማ በእንግሊዝኛ «ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«እናቷ ሞታ ነው። ቀብሩ ሊያመልጣት ነው።»

ወደ ሰዉ ዞሮ በሉጋንዳ አንባረቀ። የቀብር ነገር እዚህም ቀልድ አያውቅም። ሲያዋጉ የነበሩት ሰዎች ቦዳውን አንስተው ወደ ዳር ወረወሩት፤ አልንቀሳቀስም ያለውን የታክሲ ሹፌር በእጁ ጎትተው አወረዱትና ታክሲውን ገፍተው ቦይ ውስጥ ከተቱት። እማዬ እያለቀሰች በመኪናችን በመሐላቸው አለፍን።

ኢንቴቤ በር ላይ የአባዬን አፍንጫ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት፤ ከዚያ ጀርባውን አንድ ጊዜ በቡጢ አቅምሳው ገባች።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ደወለች። አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ደርሳለች! አውሮፕላኑ ውስጥ ደረቷን ስትደቃ፣ አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ኡጋንዳዊት ሁለት እጇን ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ እስኪያርፉ ድረስ አልለቀቀቻትም አሉ።

«ደረሰች!» ብዬ ለአባዬ ጮህኩለት።

አፍንጫው ውስጥ ጥጥ እንደወተፈ ደረቱን አሸት አሸት አደረገ። «የረዳቱስ ምንም አይደል» አለ፣ «የእናትሽ ቡጢ ግን!»