«ደህና ነኝ» ያልሁበት አልጋ

ልጆቹ «እምዬ፣ የሆስፒታሉን ንገሪን» እያሉ አላስቀምጥ ብለውኛል። አንዷ የልጄ ልጅ ነርስነት ልትማር ነው። ለእሷ ብዬ ነው እንጂ፣ አሁን አሁንስ ማውራቱም ይደክመኛል።

ሆዴን ተቀድጄ ባሕር ዳር የተኛሁ ጊዜ ነው። ሐይቁ ቅርብ ነው፤ ሲነፍስ የዓሣው ሽታ አልጋዬ ድረስ ይመጣል። እንፍራንዝ ሳድግ ዓሣ አልወድም ነበር… እሱ ይቅር።

ጠዋት ጠዋት የነርስነት ተማሪዎች ከሁለት መምህራን ጋር ይመጣሉ። አንዱ ቁጡ ሰውዬ፣ አንዷ ድምፀ ለስላሳ ሴት። አንድ ቀን ዱርቤቴ ከሚባል ከተማ የመጣች ልጅ፣ ቀጭን፣ በእኔ ላይ ልትፈተን ቀረበች። ከወደቀች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም አሉ።

«እንዴት አደሩ እማማ? ቁስሉ ያምዎታል?»

እሳት ነው የሚለበልበኝ። ግን እንዴት አደርሽ ላለ ሰው ምን ይባላል?

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ቁስሉን አጥባ፣ ጥሩ አድርጋ አሸገችው። «ማስታገሻ አያስፈልጋቸውም» አለች።

መምህርቷ ፊቴን አየችኝ። «የዱርቤቴ ልጅ! እናንተ አገር የታመመ ሰው "ደህና አይደለሁም" ይላል?»

«ተያት እንጂ» አለ ሰውዬው። «እጇን አየሽው? የምናስተምረው ለዚህ ነው። ሌላውን ሥራ ላይ ትለምደዋለች።»

«እጅ ብቻ ነው እንዴ የምናስመርቀው? መጀመሪያ ሰው ማየት ትማር።»

እንዲህ በራሴ ላይ ቆመው ሲሟገቱ ልጅቷ አንዴ እሱን አንዴ እሷን ታያለች። አሳዘነችኝ።

«ኧረ በሞቴ፣ ምንም አያመኝም! እውነቷን ነው፣ አሳልፏት» አልሁ።

ልጅቷ ዞራ አየችኝ። አንሶላውን ጨብጬ ይዣለሁ። «አይ፣ ያማቸዋል። ተሳስቻለሁ። ማስታገሻ ልስጣቸው» አለች።

«በይ እንግዲህ፣ ራስሽን ጣልሽ» አለ ሰውዬው።

ሌሎቹ ተማሪዎች ሳቁ። እሷ ማስታገሻውን ሰጥታኝ፣ አንገቷን ደፍታ ሄደች። እዚያ ሳለሁ ዳግም አላየኋትም። ዕድሏን በገዛ አፏ ሰበረች እያልሁ ስንት ጊዜ አዘንሁላት።

ከዓመታት በኋላ ምራቴ ይፋግ ጤና ጣቢያ ስትወልድ፣ አዋላጇ ነርስ አወቀችኝ። ያችው ናት፣ ወፍራለች። ያን ዕለት አልፋ ኖሯል፤ «ያማቸዋል» ስላለች ያሳለፈቻት መምህርቷ ናት።