አማቴና ሦስቱ ዓይን

ዓርብ ጎህ ሲቀድ፣ ባሕር ዳር

አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያሞቅ ሐይቁ ገና ጭጋጉን አልገለጠም። ባለቤቴ ታደለ ከጎኔ ተቀምጦ ጉልበቱን ያወዛውዛል። የምንሄደው ደብረ ታቦር፣ አባቱ ቤት ነው። አምና ሽማግሌ ሳይላክ፣ ድግስ ሳይደገስ፣ ማዘጋጃ ቤት ፈርመን ተጋባን። ከአብዮቱ ወዲህ ብዙ ወጣት እንደዚያ ያደርግ ነበር። አባቱ አቶ ካሴ ግን «ልጄ እንደ ዕቃ በፊርማ ተወሰደ» ብለው ተቀየሙ፤ ዓመት ሙሉ አላነጋገሩትም። እናቱ እማማ የዝና ናቸው «ጥምቀት ሲያልፍ ይዘሃት ና፤ የመጣው ይምጣ» ብለው የላኩብን።

«ምን ልበላቸው?» አልኩት።

«እሳቸው ካላናገሩሽ አንቺም አትናገሪ።»

እኔ የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ። ዝምታ አልፈጠረብኝም።

ረፋድ ላይ፣ ወረታ

ኬላው ጋ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ አሳየን። ወታደሩ ለአማቶቼ የያዝኩትን የደረቀ ዓሣ አሸተተና ፊቱን አዞረ። «ጓዲት፣ ይሄን ቶሎ ይዘሽልን እለፊ!»

ከወረታ ወዲያ ቻይኖች የሠሩት ኮረኮንች ነው። ሾፌሩ «ኋላ ያላችሁ፣ ጥርሳችሁን ግጠሙ!» እያለ ዳገቱን ተያያዘው። ሜዳውና ከብቱ ከታች ቀረ። የታጨደ ገብስ፣ የጤፍ ክምር፣ የጽድ ጥላ፤ ከዚያ ብርድ። ነጠላዬን ደርቤ ተከናነብኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ታቦር

አቶ ካሴ ረዥም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ የተከረከመ ጢም። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እንግዳህ ደክሟት ይሆናል። ወንበር ስጣት።»

እንግዳህ! ሚስትህ አላሉም። ማዕድ ላይም እንደዚያው ነበር፤ «ትብላ በላት»፣ «በረዳት እንዴ?» ታደለ መሐላችን ተቀምጦ አስተርጓሚ ሆነ፤ ሦስታችንም የምንናገረው አማርኛ ነው። ዓሣዬ ከነመጠቅለያው ጓዳ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስቱ ዓይን

«ውሃውን አሳያቸው እንጂ!» አሉ እማማ የዝና ባላቸውን። አቶ ካሴ በሦስቱ ዓይን ሲኮሩ ለጉድ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በጋፋት መንገድ፣ ጽድና ወይራ የበቀለበት ሜዳ አለ። የቀበሌው ወጣቶች በዘመቻ አጥረው መናፈሻ አደረጉት። ከገደሉ ሥር ሁለት ምንጭ ይፈልቃል፤ ሦስተኛው ከኩሬው ወለል፣ ከአሸዋው መሐል ይወጣል። ኩሬው በድንጋይ የተገደበ ነው፤ አንዱ ጎኑ ጉልበት አያልፍም፣ ሌላው ጎኑ ሰው ይውጣል። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ከታች ያለው ጠጠር ይታያል። ሩቅ ላይ የጉና ተራራ ደመና ጠምጥሟል። የዋኙ ጎረምሶች ዳር ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ።

አቶ ካሴ ከግድቡ ጫፍ ቆመው በከዘራቸው ጠቆሙ።

«አሳያት ታደለ። ያ እንደ ድስት የሚንተከተከው ሦስተኛው ዓይን ነው። በጋም አይደርቅ፣ ክረም...»

ድንጋዩ ያሙለጨልጭ ነበር። ከነጋቢያቸው ጥልቁ ውስጥ ገቡ።

ጎረምሶቹ ሊታጠቡ የገቡ መስሏቸው ሳቁ። ታደለ «አባዬ!» ብሎ ቆሞ ቀረ፤ እሱ ዋና አያውቅም። ጋቢ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል። አንድ ጊዜ ብቅ አሉ፤ ዓይናቸው ፈጦ ተመልሰው ወረዱ። ጫማዬን ማውለቄን አላስታውስም። ውሃው እንደ ቢላ ቆረጠኝ።

«አባባ፣ ጋቢውን ይልቀቁት!»

አጥብቀው ያዙት።

«ልቀቁት አልኩ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ጋቢውን በራሳቸው ላይ ገፍፌ ጣልኩት፤ ከኋላ በብብታቸው ገብቼ ወደ ዳር ጎተትኩ። ታደለ በደረቱ ተኝቶ እጁን ዘረጋ፤ ጎረምሶቹም ደረሱ፤ ተረባርበን አወጣናቸው።

ሣሩ ላይ ብዙ አሳላቸው። ከዚያ ቀና ብለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በቀጥታ እኔን አዩኝ።

«ጋቢዬስ?»

ተመልሼ ገብቼ ጋቢያቸውን አወጣሁላቸው።

የመናፈሻውን ዘበኛ ካፖርት ደርበው ከፊታችን እየመሩን ወደ ቤት ሄዱ። አንድ ቃል አልተናገሩም። እሳት ዳር ተቀመጡ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አማቴ ላይ ጮኼያለሁ፣ ልብሳቸውን ገፍፌያለሁ፣ በሰው ፊት እንደ ጆንያ ጎትቻቸዋለሁ። ከእንግዲህ ምን ዕርቅ አለ?

እማማ የዝና ፀጉሬን በፎጣ እያሹ «ተዪው እናቴ» አሉኝ። «ካሴ ሲያስብ እንዲህ ነው። እኔን ያገባኝ ቀንም አልተናገረም።»

እሑድ፣ የመመለሻችን ቀን

አቶ ካሴ ከቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን አልተመለሱም። ጃንጥላ የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸው ገቡ። ታደለ ሲያያቸው ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሊያፋቱን ነው አልኩ በልቤ።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አሉኝ አቶ ካሴ። በታደለ በኩል አልነበረም። «እነዚህ በሚመጣው ሳምንት ባሕር ዳር ይወርዳሉ። አባትሽ ዘንድ።»

«ምን ሊያደርጉ፣ አባባ?»

«ልጃቸውን ለልጄ ሊለምኑ ነዋ!»

«ተጋብተናል እኮ!»

«እናንተ ተጋብታችኋል። እኔ ገና ልጂቱን አልጠየቅሁም።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እማማ የዝና እልል አሉ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን አልቻልኩም።

«አባቴ እምቢ ቢልስ?»

አቶ ካሴ ጢማቸውን ዳበሱ። «ሐይቁ ውስጥ እዘላለሁ። ቆመሽ አታዪኝም መቼም።»

ምሳ ላይ ዓሣዬ ተሠርቶ ቀረበ። አጥንቱን እየለቀሙ፣ ቀስ ብለው፣ ሁሉንም በሉት።

ማምሻው ላይ፣ ባሕር ዳር

ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ታደለ ከጋሳይ በመጣ ነጋዴ ትከሻ ላይ ተደግፎ ወረታ ድረስ አንኮራፋ። ከአውቶቡስ ወርደን በቀጥታ አባቴ ቤት ሄድን። ደጅ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል።

«አባዬ፣ በሚመጣው ሳምንት ሽማግሌ ይመጣል» አልኩት።

እጁ መረቡ ላይ ቆመ። እኔን አየኝ፤ ታደለን አየው።

«ለማን?» አለኝ።