ለአንድ ሰው የሚያንቀላፉ ሰርቨሮች

ሰውየው የሆስፒታሉ የራጅ ፎቶዎች የሚቀመጡባቸው ሰርቨሮች ኃላፊ ነው። ባልደረቦቹ «ሺ በአንዴ» ይሉታል፤ አፉን በከፈተ ቁጥር «የኔ ሰርቨሮች ሺ ሰው በአንዴ ቢያነብባቸው ንቅንቅ አይሉም» ስለሚል። ኧረ የትኛው ሆስፒታል ውስጥ ነው ሺ ሐኪም በአንዴ ራጅ የሚያየው ብሎ የጠየቀው የለም። እሱ እቴ! ሺ የውሸት አንባቢ በፕሮግራም ይፈጥርና ሰርቨሮቹ ላይ ይለቅባቸዋል፤ ከዚያ በደቂቃ የወጣውን ፎቶ ድምር አይቶ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል።

የእውነት አንባቢዋ አማቱ ናቸው፤ ራጅ አይተው ውጤት የሚጽፉ አንጋፋ ሐኪም። አንዱን ፎቶ አይተው ሳይጨርሱ ሌላውን አይከፍቱም። ፎቶው ታዲያ እየተጎተተ ነው የሚመጣላቸው፤ መጀመሪያ ትከሻ፣ ቆይቶ ጎድን። በሽተኛው ኮሪደር ላይ ይጠብቃል፣ እሳቸውም አገጫቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

ዳይሬክተሩ ሰውየውን አስጠሩት። «ሴትዮዋ የሚያዩት ራጅ በጣም አንሷል። ማሽኑ ነው ይላሉ። ማሽኑ ከሆነ አስተካክለው፤ እሳቸው ከሆኑ ግን ጡረታ ይወጣሉ። እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገረኝ።»

ይህን ለሚስቱ ሲነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «እማዬ ከሥራ ከወጣች ቤቱንም ታስረክባለች፤ የሆስፒታሉ ቤት ነው። አደራህን» አለችው።

በማግስቱ ሺ የውሸት አንባቢዎቹን ለቀቀና በመሃል አንድ ፎቶ ከፈተ። ፎቶው ከመቅጽበት መጣ። «አላልኩም?» አለ ለራሱ። ፕሮግራሙን አጠፋና፣ እንዲያው ለነገሩ ያህል ሌላ ፎቶ ከፈተ። ትከሻ መጣ። ጎድኑን ጠበቀ። አሁንም ጠበቀ። ላብ አጠመቀው።

ነገሩ ያኔ ገባው። እያንዳንዱ ፎቶ ተቆራርጦ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ነው የተቀመጠው። ግርግር ሲኖር ሁሉም ነቅተው ይሠራሉ። አንድ ሰው ብቻ ቁራጭ በቁራጭ ሲጠይቃቸው ግን ሥራ የለም ብለው ያንቀላፋሉ፤ ለእያንዳንዷ ቁራጭ እንደገና መቀስቀስ አለባቸው። እንዲያንቀላፉ ያዘዛቸው ማን ነው? ራሱ ነዋ። «ኤሌክትሪክ ቆጣቢ» ተብሎ የተሸለመው በዚሁ ነው። ትእዛዙን መሻር የደቂቃ ሥራ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ግን «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ማለታቸው አይቀርም። እሱ ደግሞ ለራሱ ስም ሲሆን ነፍሱንም ይሰጣል።

ዓርብ ዕለት የሺዎቹን ግራፍ ይዞ ቀረበ። «ማሽኑ ጤነኛ ነው» አለ።

«እንግዲያው ችግሩ ሴትዮዋ ናቸው?»

«ያው እንግዲህ... ዕድሜም አለ» አለ ጫማውን እያየ።

ሐሳቡ ሌላ ነበር። ትእዛዙን በስውር ይሽራል፣ አማቱ ይፈጥናሉ፣ የጡረታው ወሬ ይረሳል። ብልጥ ነኝ ባይ! እንዳሰበው ከሰዓት በኋላውኑ ሻረው። ዳይሬክተሩ ግን ሰው ለማሰናበት ሲሆን እጃቸው ፈጣን ነው፤ የጡረታውን ደብዳቤ ፈርመው አደሩ።

አማቱ የቀሯቸውን ቀናት ሠርተው ቤቱን አስረከቡና ሻንጣቸውን ይዘው እሱ ቤት ገቡ። መጀመሪያ ቀን እራት ላይ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። አቀርቅሮ ይበላል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ አማቱ። «በመጨረሻዎቹ ቀናት ፎቶዎቹ ገና ሳልጠራቸው ይመጡልኝ ጀመር። ምን ነክተህ ነው?»

«ኧረ ምንም አልነካሁም እማማ።»

«እንግዲያው እኔ ነኛ በአንድ ጀምበር ወጣት የሆንኩት።»

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችው። «መልስላት እንጂ» አለች።