የአባቴ ፒካፕ በክረምት

«ፈሪ ስለሆንሽ ነው የምትቸኩዪው» አለኝ አባቴ ሳይሸፋፍን፣ መኪና ሲያስተምረኝ። ዛሬም እዚህ ከድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ፣ ዝናብ የነካው ጥቁር አፈር ሲሸተኝ ድምፁ ይመጣብኛል። እግዜር ይስጣቸው፣ እሱንም እናቴንም።

የረሃቡ ዘመን ነበር። አባቴ በፒካፑ ከአገር ቤት ለመጡት ስደተኞች ካምፕ ውሃ ያመላልሳል። ወባ ሲጥለው እናቴ «ሰው በውሃ ጥም ይለቅ እንዴ? ልጅቷን አስተምራት!» አለችው፤ ሦስታችንም ውሃውን ጭነን ወጣን። እኔም ቸኩዬ ነዳጅ ስረግጥ ጎማው ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። እናቴ ከሥሩ የማሽላ አገዳ አነጠፈች። አባቴ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ከሷ ጋር ከኋላ ገፋ።

መኪናው ሲወጣ ላሳፍራቸው ቀስ አልኩ።

«ከቆምሽ ጭቃው መልሶ ይውጥሻል!» ብሎ ጮኸ አባቴ። «ካምፑ ድረስ ንጂው፤ እኛ በእግራችን እንመጣለን!»

እናቴ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ «ሂጂ እንጂ፣ ያላ!» አለችኝ።

ሄድኩ።