አማላጇና የእናቷ ዓይን

መሥሪያ ቤት ውስጥ «አማላጇ» ይሏታል። ስሙ ልክ ነው፤ ሥራዋ ማማለድ ነው። የኢንተርኔት መፈለጊያው የማንን ገጽ ከላይ፣ የማንን ከታች እንደሚያስቀምጥ ሲወስን፣ ወደዚያ ገጽ ሊንክ ያደረጉት እነማን ናቸው ብሎ ያያል። ሊንክ ማለት ምስክርነት ነው፤ «እዚያ ሂዱ፣ አውቀዋለሁ» ማለት። እሷ ምስክር ለሌለው ደንበኛ ምስክር ትለምናለች።

ዘዴ አላት። በታመነ አሮጌ ገጽ ላይ የሞተ ሊንክ ፈልጋ ታገኛለች፤ ሲጫኑት የትም የማያደርስ። ከዚያ ለባለቤቱ በትሕትና ትጽፋለች፦ «ይህ ሊንክዎ አይሠራም፤ በምትኩ ይህኛውን ቢያስገቡትስ?» ሰው ስህተቱን በደግ አፍ የነገረውን እምቢ ማለት ይከብደዋል። አለቃዋ፣ ከእንቅልፉ ሲነቃ እንኳ የገጾችን ደረጃ የሚጠይቀው ሰውዬ፣ «ያንቺ ደብዳቤ ድንጋይ ያቀልጣል» ይላታል።

ከደንበኞቹ አንዱ የዓይን ማጠቢያ ፈሳሽ ሻጭ ነበር። ገጹ ሲያዩት የሕክምና ምክር ይመስላል፤ ግርጌው ላይ ግን «የሐኪም ጠብታ ዓይን ያደክማል፣ በእኛ ይተኩት» ይላል። አላነበበችውም ብዬ አልሸፍንላትም። አንብባዋለች። «ሥራ ነው» ብላ አለፈችው። ይህች «ሥራ ነው» የምትባል ቃል ስንት ሰው ገደል ከታ እሷ ግን ዛሬም ንጹሕ ልብስ ለብሳ ትዞራለች።

ሊንኩን የለመነችው የዓይን ሕሙማን ማኅበርን ገጽ ከምትጠብቅ ጡረተኛ ነርስ ነው። ደብዳቤዋ «እናቴ የዓይን ግፊት ታማሚ ናት» ብሎ ይጀምራል። ውሸት አልነበረም፤ የሚያንገበግበውም እሱ ነው። ልብስ ሰፊ እናቷ ዓመታት ሙሉ ጠዋት ማታ ጠብታ የምታደርግ ሴት ናት። ልጅ የእናቷን ሕመም የሰው ደጃፍ ማንኳኪያ አደረገችው። የነርሷ ሆድ ባባ። ሊንኩን አስገብታ ከጎኑ ጻፈችበት፦ «ይህን የጠቆመችን የታማሚ ልጅ ናት። ትባረክ።» ሌሎች ገጾችም ከማኅበሩ እየገለበጡ ወሰዱት። ደንበኛው ወደ ላይ ወጣ፣ አለቃው አጨበጨበ።

አንድ ቅዳሜ ለእናቷ ሻይ አፍልታ ከስፌት መኪናው በስተግራ አስቀመጠችላት። እናት ጨርቁን ስትጎትት ክርኗ ብርጭቆውን ገፍቶ ጣለው።

«ምነው እማዬ፣ እዚሁ አጠገብሽ እኮ ነው።»

«አላየሁትማ። ድመት ነሽ እንዴ፣ ኮቴ ሳታሰሚ የምታስቀምጪው?»

ልጅቷ ስታጎነብስ ጨርቁን አየች። በዚያች ሴት እጅ ተዛብቶ የማያውቀው ስፌት ወደ ጎን ሸሽቷል።

«ጠብታሽን አድርገሻል?»

«እሱን ተይው። ካቆምኩ ቆየሁ፤ እንደ በርበሬ ነው የሚለበልበኝ። ጥሩ ማጠቢያ አግኝቼ በእሱ ተካሁት፣ እንደ ውሃ ነው።»

«ማን አዘዘልሽ?»

«አንቺ ደግሞ፣ ፖሊስ ሆንሽብኝ። ማስታወቂያ የማምን መሰለሽ? የማኅበራችን ገጽ ላይ ነው ያገኘሁት። የጠቆመችውም እናቷን የምትወድ ልጅ ናት ይላል።» ሳቀች። «አንቺ እስኪ እንዲህ ያለ ነገር ፈልገሽልኝ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስትከፍት ጠርሙሱ ከመስታወቱ ሥር ቆሟል። የደንበኛዋን ምልክት ለማወቅ ማንበብ አላስፈለጋትም።

ሰኞ ክሊኒክ ወሰደቻት። እናት ከመጋረጃው ጀርባ ለምርመራ ተቀመጠች፤ መሣሪያው ውስጥ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር በእጇ ያለውን ቁልፍ ትጫናለች። ልጅቷ ውጭ ሆና ታዳምጣለች። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ከዚያ ዝም። ብርሃኑ እየበራ ይሆን ወይስ ጠፍቶ ነው? ቀጭ። እንደገና ዝም፤ ይኼኛው ረዘመ። በዝምታው ውስጥ ስልኳን አውጥታ ነርሷ ጋ ደወለች። በትሕትና ልትጀምር ፈልጋ ነበር፤ ትሕትናዋ ከዳት።

«ሲስተር፣ የዓይን ማጠቢያውን ሊንክ አንሱት። የላክሁት እኔ ነኝ። ከሻጩ ተቀጥሬ ነው።»

«እናትሽስ? እሷም የተቀጠረች ናት?»

«እሷ እውነት ናት። እዚህ እየተመረመረች ነው።»

«አሁኑኑ አነሳዋለሁ። የገለበጡት ጋ ግን እጄ አይደርስም። እኔ እኮ ልጄ፣ እናትሽን ብዬ ነው ያስገባሁት።»

ሐኪሙ ቃል አላበዛም። ግፊቱ ጨምሯል፤ የግራ ዓይን ዳር ዳሩ ሄዷል፣ የሄደው አይመለስም፤ የቀረው ጠብታው ዛሬውኑ ከተጀመረ ሊያዝ ይችላል። «ሊያዝ ይችላል» ነው ያለው እንጂ «ይያዛል» አላለም። ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ ሁሉንም ለእናቷ ነገረቻት። እናት እስከ ቤት ድረስ አላናገረቻትም። ሊንኩን እያስነሳች መሆኑን ስትነግረው አለቃዋ «ያ ሊንክ ከተነሳ ደንበኛው ይወድቃል፣ አንቺም አብረሽው» ብሎ ጻፈላት። ይውደቅ። የሚወድቅ ነገር ጠፍቶ ነው?

ቤት ገብታ ከስፌት መኪናው አጠገብ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ሊንኩን ለገለበጡት ባለገጾች በየተራ ጻፈች። የሚመልስ የለም። ለማስገባት ሲሆን ድንጋይ ያቀለጠው ደብዳቤ፣ ለማስወጣት ሲሆን ራሱ ድንጋይ ሆነ።

«ምን እያልሽ ነው የምትጽፊላቸው?» አለች እናት፣ ዝምታዋን ስትሰብር።

«ስህተት ስላለበት ይነሳ ብዬ።»

«ያኔስ ለነርሷ ምን ብለሽ ነበር የጀመርሽው?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «እናቴ የዓይን ግፊት ታማሚ ናት ብዬ።»

«እንደዚያው ጀምሪ። አሁን ግን እስከ መጨረሻው ጻፊው።»

ጻፈችው። ጠብታውን እንዳቆመች፣ በማን ጥቆማ እንዳቆመች፣ የግራ ዓይኗ ምን እንደማያይ። ጨርሳ ቀና ስትል እናቷ ወንበሩ ላይ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ትጠብቃታለች።

«ነይ ጠብታውን ጨምሪልኝ። እኔ እየሳትኩት ነው።»

ልጅቷ የጠብታውን ጠርሙስ ይዛ ጎነበሰችባት። ጠብታዋ የእናቷን ዓይን ስታ በጉንጯ ወረደች።

«ሳትሽ» አለች እናት ዓይኗን ሳትከድን። «ድገሚ።»