ቀዩ ለስላሳ

ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር፣ ጎረቤቴ ቤት፣ የልጇ ልደት ነው። ቀዩ ለስላሳ ሲከፈት የእንጆሪ ሽታው ልጅነቴን አመጣብኝ። የአራት ዓመቷ ልጄ «እማዬ፣ ልጠጣ?» ትለኛለች።

እናቴ «ካርቱም ሁለት» በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የአሠሪዋ ልጅ ልደት ቀን እኔንም ይዛኝ ሄደች። ለልጅቷ እንዲህ ያለ ለስላሳ ከፈተችላት፤ አረፋው አፍንጫዋ ላይ ሲቀር በራሷ ሻሽ ጠረገችላት። ለእኔ ስኳር የሌለው የከርከዴ አበባ ሻይ ቀዳችልኝ።

«እሷስ ለምን ትጠጣለች?» አልኳት።

«እሷ የሰው ናት፤ እምቢ ማለት አልችልም። ላንቺ ጥርስ ግን እሳሳለሁ። ያላ፣ ቢስሚላህ በይና ጠጪ።»

ከለስላሳው ይበልጥ ሻሹ አስቀናኝ። እስከ ዛሬም ያስቀናኛል።

አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ እናቷን ከማንም ጋር አትጋራም። እሷ ግን ፈቃዴን እየጠበቀች፣ ሌሎቹ ልጆች ሲጠጡ እያየች ምራቋን ትውጣለች።